አጥር የማያቆመው ጭስ፦ ስለ ካናቢስ ሽታና ስለ ጉርብትና



በመተማ ቆላ ያለው ሽንፋ ነፋስ ከሩቅ ያመጣውን ሁሉ ሲቀበል የኖረ አገር ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ይህን በማስረጃ አሳይቷል። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን የመሩት ቡድን፣ በሽንፋ ወንዝ ዳር ካለ የጥንት ሰዎች ሰፈር ቆፍሮ ባወጣው አፈር ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ ቅንጣቶች አገኘ። ቅንጣቶቹ በአካባቢው ካለ ተራራ የተነሱ አይደሉም፤ ከ74 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት ላይ ከፈነዳው ከቶባ የመጡ ናቸው። በወንዙ ዳር የሰፈሩት ሰዎች አመዱ ከወረደ በኋላም በበጋ በሚቀሩት ኩሬዎች ዓሣ እያጠመዱ፣ የሰጎን እንቁላል እየሰበሩ ኑሯቸውን ቀጠሉ።

ውቅያኖስ የተሻገረ አመድ እዚህ ከደረሰ፣ ከግድግዳ ማዶ የሚጨስ ነገር አልጋ ላይ ቢደርስ አይገርምም። የዛሬው ዲስኩር ስለዚህ ስለ ቅርቡ ጭስ ነው። ጎረቤት ካናቢስ ሲያጨስና ሽታው ሕፃን ከተኛበት፣ ቡና ከሚፈላበት፣ ጸሎትና ሶላት ከሚደረስበት ቤት ሲገባ ምን ይደረጋል?

አብዛኛው ሰው ሁለት መንገድ ብቻ ያለ ይመስለዋል። አንደኛው መቻል ነው፤ አፍንጫን በነጠላ ሸፍኖ፣ ልጆችን ወደ ጓዳ አስገብቶ፣ ሌሊቱ እስኪያልፍ ዝም ማለት። ሁለተኛው ፖሊስ መጥራት ነው። ዝም ያለው ሰው ውስጥ ውስጡን እየከረረ ይሄድና አንድ ቀን በጥቃቅን ነገር፣ በዶሮ ወይም በፍሳሽ ውኃ፣ ጠብ ይፈነዳል። ፖሊስ የጠራውም ሰው የጎረቤቱን ልጅ ለዓመታት እስራት አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ሳያውቀው ይጠራል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ግን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በአገሪቱ ሕግም በአገሩ ባህልም የተጠረገ መንገድ። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው የማይሄድበት መሆኑ ነው።

ወደዚያ ከመግባት በፊት ግን አንድ የተለመደ አነጋገር መታረም አለበት። ካናቢስ ትናንት በመኪና የመጣ፣ የባዕድ ብቻ የሆነ ጉድ ተደርጎ ይወራል። እውነቱ ሌላ ነው። ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባሉ አርኪዮሎጂስት በቀድሞው በጌምድር ጠቅላይ ግዛት፣ ጣና አቅራቢያ፣ ላሊበላ ዋሻ በሚባል ቦታ ቆፍረው ነበር፤ የላስታው ላሊበላ አይደለም። ከዚያ የወጡ ሁለት የሸክላ የማጨሻ ጋያ ራሶች ላይ የቀረውን ዝቃጭ ኒኮላስ ቫን ደር መርቨ የተባሉ ሳይንቲስት በኬሚስትሪ መርምረው የካናቢስ ንጥረ ነገር አገኙበት። ዕድሜው 1320 እ.ኤ.አ. ገደማ፣ ሰማንያ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ተብሎ ተገመተ። ትንባሆ ከአሜሪካ አህጉር ወደ አፍሪካ ከመምጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። መተማም ሽንፋም በዚያው በበጌምድር ሥር የነበሩ አገሮች ናቸው። ስለዚህ «የሱዳን ሹፌር ያመጣው»፣ «የቀን ሠራተኛ ያመጣው»፣ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ «ከጦርነት የሸሸው ስደተኛ ያመጣው» የሚለው ጣት ሊታጠፍ ይገባዋል። ከድንበሩ ማዶ ባንጎ፣ ሌላው ዘንድ ጋንጃ፣ በየሰፈሩ ሀሺሽ የሚባለው ይህ ተክል ብዙ አገር ኖሯል፤ አጫሹም የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ነው።

የመተማ ምድር ራሷ በጭስ ጉዳይ ላይ የቆየ ታሪክ አላት። በመጋቢት 1881 ዓ.ም ከመሐዲስቶች ጋር ሲዋጉ በመተማ የወደቁት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው የከለከሉ ንጉሥ ነበሩ። በዘመኑ የነበሩ የውጭ ሰዎች ለአጫሽ ከንፈር፣ ሱረት ለሚያነሳ አፍንጫ እስከ ማስቆረጥ የሚደርስ ቅጣት እንደነበረ ጽፈዋል። ቅጣቱ ይህን ያህል ቢከብድም ትንባሆ ከአገሩ አልጠፋም፤ የጋያው ጭስ በየቆላው ሲትጎለጎል እዚህ ደርሷል። ቅጣት ብቻውን የሰውን ልማድ እንደማይነቅል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማምጣት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ሕጉ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ስለ መርዛማ፣ ናርኮቲክና ሳይኮትሮፒክ ዕፆች ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ ለሚያመርትና ለሚያዘዋውር ሰው የተቀመጠው ቅጣት ከ5 ዓመት የማያንስ ጽኑ እስራትና እስከ 100 ሺህ ብር የሚደርስ መቀጮ ነው። መጠቀምም በዚሁ አንቀጽ ያስቀጣል። ይህ ሕግ ለሁሉም እኩል ይሠራል፤ በ1948 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለጥቁር ሕዝብ ወገኖች በሰጡት የሻሸመኔ መሬት ላይ የሰፈሩት፣ ተክሉን እንደ ሃይማኖታቸው አካል የሚቆጥሩት ራስ ተፈሪያኖችም ከሕጉ ነፃ አልተደረጉም። እናም «ጎረቤቴ ያጨሳል» ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚገባ ሰው የሚያነሳው መሣሪያ ይህ ነው። መሣሪያው ከባድ ነው። የሚሸጥ፣ የሚያመላልስ፣ ልጆች የሚያስለምድ ሰው ላይ ሊነሳ ይገባዋል። ከሰሊጥ አጨዳ ደክሞ ገብቶ ማታ ብቻውን የሚያጨስ የሃያ ዓመት ልጅ ላይ መጀመሪያ የሚነሳ መሣሪያ ግን ሊሆን አይገባም።

ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሌላ አንቀጽ አለ፤ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት አያውቅም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ነው። ባለቤት የሆነ ሰው በጎረቤቱ ላይ ሁከትና ጉዳት እንዳያደርስ ይከለክላል። ቀጥሎም ጭስን፣ ጥቀርሻን፣ የሚያስጠላ ሽታን፣ ድምፅንና ንዝረትን በስማቸው ይጠራቸዋል፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፈው መሄድ የለባቸውም ይላል። ልኩ የሚለካው ደግሞ በአገሩ ልማድና በቦታው አቀማመጥ መሠረት ነው። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ፤ አንቀጹን ያነበበ ሰው ግን በአንድ የጎንደር ሽማግሌ አፍ የተነገረ ይመስለዋል። ሽታ ማለት ቀላል ነገር ነው፣ ለሽታ ተብሎ አይከሰስም የሚል ካለ፣ ሕጉ ከስድሳ ዓመት በፊት መልስ ሰጥቶታል።

«እንደ አገሩ ልማድ» የሚለው ቃል በሽንፋ ላይ ትልቅ ጥያቄ ያስነሳል፤ ምክንያቱም ይህ የጭስ አገር ነው። የመተማ ቆላ የዕጣን ዛፍ የሚበቅልበት፣ ሙጫና ዕጣን ለዓለም ገበያ የሚወጣበት ምድር ነው። ጧት ቡና ሲቆላ ጭሱ ጎረቤት ይጠራል። የአራስ ቤት በቀበርቾና በወገርት ይታጠናል። የወተት ዕቃው በጥንጁትና በወይራ ይታጠናል። ሙሽራና ወላድ ወይባ ይሞቃሉ። ማታ ሰንደል ይለኮሳል። ታዲያ የእነዚህ ሁሉ ጭስ አጥር ሲሻገር ቅር የሚለው የለም፤ የካናቢሱ ጭስ ለምን ይለያል?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የቡናው ጭስ መጥሪያ ነው፤ ሲሸት «ኑ ጠጡ» ማለት ነው። የወይባው ጭስ የሚሞቀው ወዳ በምትገባበት ሴት ላይ ያርፋል፤ ለአጭር ጊዜ ነው፤ ጎረቤትም ምክንያቱን ያውቀዋል፣ ደስ ይለዋል። የካናቢሱ ጭስ በየሌሊቱ ይመጣል፤ የሚደርሰውም ሳይጠየቅ ነው። በላዩ ላይ ከሕግ ጋር የሚያጋጭ ስለሆነ ደረሰብኝ የሚለውን ሰው ጭምር ያሸማቅቃል። በአንዲት እናት ልጅ ልብስ ላይ ሽታው ተገኝቶ መምህር እናትየዋን ቢጠይቃት ምን ትላለች? የመልካም ጉርብትና ልክ የሚታለፈው እዚህ ላይ ነው።

ሽታው ራሱ ይህን ያህል የሚበረታበት ምክንያትም ታውቋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ኢያን ኦስዋልድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ካናቢስ ያን የሚወጋ ጠረን ያገኘው ድኝ ካለባቸው ውህዶች መሆኑን አሳዩ፤ ዋነኛው 3-ሜቲል-2-ቡቴን-1-ታዮል ይባላል። ከነጭ ሽንኩርት ሽታ ጋር የሚዛመድ ቤተሰብ ነው። የሰው አፍንጫ እንዲህ ያሉትን ውህዶች እጅግ ጥቂት ሆነው እንኳ ይለያቸዋል። ስለዚህ ሽታው በረታ ማለት የገባው ጭስ ብዙ ነው ማለት ላይሆን ይችላል፤ ይህን መረዳት ለተጎጂው ዕረፍት ይሰጣል።

ብዙ እናቶች ደግሞ «ሽታው ልጄን ያሰክራት ይሆን?» ብለው ይጨነቃሉ። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ ለዚህ የተሻለ መልስ ይዟል። የማያጨሱ ሰዎች ከአጫሾች ጋር በአንድ ጠባብ ክፍል ለአንድ ሰዓት ተቀመጡ። ክፍሉ ታፍኖ አየር በማይገባበት ጊዜ፣ በማያጨሱት ላይ መጠነኛ የስካር ስሜት ታየ፤ አንዳንዶቹም በሽንት ምርመራ ተገኘባቸው። ማራገቢያው ሲከፈት ግን ይህ ሁሉ ጠፋ። ከማዶ ቤት የሚመጣ ሽታ እንግዲህ ሰው አያሰክርም። ይሁን እንጂ ጭስ ጭስ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳን ፍራንሲስኮ የማቲው ስፕሪንገር ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ አይጦች የካናቢስ ጭስ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ቢተነፍሱ የደም ሥሮቻቸው በሚገባ የመስፋት ችሎታ ቢያንስ ለ90 ደቂቃ ቀነሰ። በትንባሆ ጭስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነበር የሚቆየው። ስለዚህ አስም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ያለበት ቤት አቤቱታ የቅንጦት አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ዕጣኑ አንድ ነገር መነገር አለበት፤ ሽታውን ለማሸነፍ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ዕጣንና ሰንደል መለኮስ ስለሆነ። ደስ የሚል መዓዛ ነው፤ ግን የካናቢሱን ጭስ አያባርረውም፤ ሁለተኛ ጭስ ይጨምርበታል። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የታይዋን ተመራማሪዎች ግምገማ፣ ከአንድ ግራም የሚቃጠል የሰንደል ዓይነት ዕጣን ከ45 ሚሊግራም በላይ ደቃቅ ብናኝ እንደሚወጣ፣ ከአንድ ግራም ሲጋራ ግን 10 ሚሊግራም እንደሚሆን ይገልጻል። ተዘግቶ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ የተኛ ሕፃን ከጎረቤቱ ጭስ ሸሽቶ ወደ ሌላ ጭስ ገብቷል ማለት ነው።

የሚሠራው የቤቱን አሠራር ማየት ነው። በሽንፋ በርና መስኮት ዘጋግቶ መተኛት ከመጋቢት እስከ ግንቦት አይታሰብም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው አልጋውን አውጥቶ ራኩባ ሥር ወይም ግቢ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ «መስኮት ዝጉ» የሚለው የከተማ ምክር እዚህ ዋጋ የለውም። በተከታታይ የተሠሩ የኪራይ ክፍሎች ላይ ዋናው ችግር ከላይ ነው። ግድግዳው ጣሪያው ድረስ አይደርስም፤ ኮርኒስ ቢኖርም በላዩ ያለው ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ሞቃት ጭስ ወደ ላይ ይወጣና በቆርቆሮው ሥር ተንሸራቶ በሦስተኛው ክፍል ይወርዳል። ጭስ መውጫ አያጣም የሚባለው ይህንኑ ነው። መፍትሔው የጋራውን ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ማድረስና ስንጥቁን በጭቃ መመረግ፣ በሁለቱም ጫፍ ላይ አየር ማስወጫ መክፈት ነው። ይህ ሥራ የአከራይ ነው፤ ከአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ብዙም አይዘልም። አልጋው ከነፋሱ አቅጣጫ እንዲወጣ ማድረግ፣ መጋረጃና አንሶላ በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣትም ይረዳል፤ ሽታው ጨርቅ ላይ ይቀመጣልና።

ግን ግድግዳ ተመረገ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ከጎረቤት ጋር መነጋገር አይቀርም።

በመነጋገር ላይ ትልቁ ነገር የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው። «አንተ ሀሺሽ ታጨሳለህ» ብሎ የጀመረ ሰው ንግግሩን ወንጀል አድርጎታል፤ ልጁ ያለው ምርጫ መካድ ብቻ ነው። አንዲት እናት አመሻሽ ላይ፣ ልጁ ሳያጨስና ብቻውን ሳለ፣ በበሩ በኩል ስታልፍ እንዲህ ማለት ትችላለች፦ «ልጄ፣ እንዴት ዋልክ፣ ሥራ እንዴት ነው? ማታ ማታ ከአንተ በኩል ጭስ ይመጣና ሕፃኑ ሲያስል ያድራል። አንተም ልጄ ነህ፤ እባክህ ራቅ ብለህ አድርገው።» የተከሰሰ የለም፤ የዕፁ ስም አልተጠራም፤ የተነገረው ሕፃኑ ላይ የደረሰው ብቻ ነው። ብዙው ልጅ «እሺ እማማ፣ አላወቅሁም ነበር» ብሎ ያፍራል። እውነትም ላያውቅ ይችላል፤ አጫሽ አፍንጫው ሽታውን ለምዶት ከቤቱ የሚወጣውን አይሸተውም።

በዋሽንግተን ዲሲ የሆነው ከዚህ ጋር ይነጻጸራል። ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዚያች ከተማ በ2014 እ.ኤ.አ. የተካሄደ የሕዝብ ድምፅ አዋቂ ሰው ካናቢስን በቤቱ እንዲይዝና እንዲተክል ፈቀደ። ማጨሱ ሕጋዊ ሲሆን ሽታው ግን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ተረፈ። በሰባዎቹ ዕድሜ ያሉ አንዲት ሴት ከጎን ካለው ቤት ታችኛው ክፍል የሚመጣው ጭስ እንቅልፍ ነሣኝ ብለው ራሳቸው ጠበቃ ሳያቆሙ ከሰሱ። ጎረቤታቸው የሕክምና ፈቃድ ያለው ሰው ነበር፤ ለሕመሙና ለእንቅልፉ ነበር የሚያጨሰው። በ2023 እ.ኤ.አ. ዳኛ ኤበኒ ስኮት ከሴትየዋ ቤት 25 ጫማ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ፣ ባለ ርቀት ውስጥ እንዳያጨስ ወሰኑ። ካሳ አልፈረዱም። ፍርዱ አጫሹን ወንጀለኛ አላደረገውም፤ ፈቃዱ የጎረቤቱን ቤት ኑሮ ለማወክ የተሰጠ አይደለም ነው ያለው። የእኛ አንቀጽ 1225 መንፈስም ከዚህ አይርቅም።

የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2018 እ.ኤ.አ. አዋቂ ሰው በግሉ፣ በመኖሪያው ካናቢስ ቢጠቀም አይከሰስም ብሎ ፈረደ፤ በአደባባይ ማጨስን ግን አልፈቀደም። እነዚህ አገሮች ሕጋቸው ከኢትዮጵያ ሕግ እጅግ የራቀ ነው። ቢሆንም ተክሉን የፈቀዱት ሁሉ ጭሱን በጎረቤት ላይ አልፈቀዱም። አገራችንም በትንባሆ ላይ ይህንኑ ተቀብላለች፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከሕዝብ መገልገያና ከሥራ ቦታ በርና መስኮት በ10 ሜትር ክልል ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ሺሻንም ጭራሹኑ አግዷል።

የመጀመሪያው ንግግር ካልሠራ አከራዩ ይነገረዋል። አከራይ በሽንፋ ትልቅ ሥልጣን አለው፤ ብዙ ጊዜ ግን ኪራዩ እስከተከፈለው ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ሊወቀስ ይገባዋል። ከቤቱ ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ከቤቱ ስለሚወጣው ጭስም ኃላፊነት አለበት። ከአከራዩ ቀጥሎ ሽማግሌ ነው። ሽምግልናው ከልጁ ዘመድ ወይም ከአገሩ ልጆች አንዱን ቢጨምር የተሻለ ነው፤ የወሎ ወይም የጎጃም ልጅ ለሥራ መጥቶ ብቻውን በማያውቃቸው ሽማግሌዎች ፊት ሲቆም ፍርድ ቤት የቆመ ያህል ይፈራል፣ የሚሰጠው ቃልም የፍርሃት ይሆናል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ምንጣፍ የሚቀመጥበት የሽንፋ ሽምግልና ለዚህ የተመቸ ነው።

ስምምነቱ ይጻፍ። አጭር ይሁን፦ ከግድግዳው አጠገብና ከቤት ውስጥ እንደማይጨስ፣ ልጆች ባሉበት ግቢ እንደማይጨስ፣ አከራዩ ግድግዳውን በየትኛው ቀን እንደሚያስመርግ። የዕፁ ስም መጻፍ አያስፈልግም፤ «ጭስ» ማለቱ ይበቃል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3312 መሠረት ወገኖች በግልግል የጨረሱት ነገር በመካከላቸው እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ሽማግሌ ግን አንድ ነገር ማድረግ አይችልም፤ ወንጀል የሆነውን ነገር ሕጋዊ ሊያደርግ ሥልጣን የለውም። የተስማሙት ስለ ጎረቤት ሰላም ነው።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት የሚያበቃበት ቦታ አለ። ከዚያ ቤት የሚሸጥ ከሆነ፣ ማታ ማታ የማይታወቅ ሰው የሚመላለስ ከሆነ፣ ለተማሪ ልጅ የሚሰጥ ከሆነ ነገሩ ከሽታ አልፏል። ይህን ያየ ሰው የሚያውቀውን ቀንና ሰዓት ይዞ፣ የገመተውን ካየው ለይቶ፣ ወደ ፖሊስ መሄድ አለበት። ሰፈር ተሰብስቦ በር ሰብሮ መግባት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የማንንም ሰው መኖሪያ ያለ ሕግ መፈተሽን ይከለክላል፣ አጫሽም ቤት አለው። «ካናቢስ ነው» ተብሎ የተወራው ነገር ጋያ ወይም የተቃጠለ ቆሻሻ ሆኖ ቢገኝስ? በአንድ ሌሊት የጠፋ ስም በዓመት አይመለስም።

ስለ አጫሹም መታሰብ አለበት። ከደጋ ወርዶ በሐምሌ አረም ሲያርም፣ በጥቅምት ሰሊጥ ሲያጭድ የሚከርም ወጣት ከወባውና ከካላዛሩ ጋር እየታገለ፣ በካምፕ መሬት ላይ እየተኛ ነው የሚሠራው። ለእንቅልፍና ለድካም የጀመረው ነገር ሱስ ይሆንበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በለጋ ዕድሜ ተጀምሮ አዘውትሮ ማጨስ የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድልን ያሳድጋል። ብቻውን የሚያወራ፣ ሰው ሁሉ የሚያሳድደው የሚመስለው፣ ሌሊት የማይተኛ ልጅ ካለ ያ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲደርስ ማገዝ ይገባል። እድሩ ለለቅሶ የሚያወጣው ገንዘብ ላይ ለአንድ ልጅ የጎንደር ትራንስፖርት ቢጨመርበት እድሩን አያከስረውም።

አሁን መስከረም ሊጠባ ነው፤ የአጨዳ ሠራተኛው ወደ ቆላው መውረድ ይጀምራል፣ ክፍሎችም ይከራያሉ። ስለዚህ አከራዮች ለዚህ ዓመት ክፍሉን ሲያስረክቡ ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ነገር ቢያደርጉ ጥሩ ነው። አንደኛ፣ የጋራው ግድግዳ ላይኛው ክፍት ቦታ ይመረግ። ሁለተኛ፣ ተከራዩ ምንም ይሁን ምን የሚያጨሰው ነገር ካለ ከክፍሎቹ ርቆ፣ ከነፋሱ በታች እንዲያጨስ በግልጽ ይነገረው። የተከለከለ ዕፅ ወደ ግቢው እንዳይገባም አብሮ ይነገረው። ገና ጠብ ሳይኖር፣ ገና ማንም ሳይወቀስ የተነገረ ነገር በጥቅምት ሌሊት በቁጣ ከሚነገረው ይልቅ ይሰማል። ለቀበሌው ደግሞ የሽንፋ እድሮች በጋራ የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ አለ፦ ስለ ጭስና ሽታ የሚመጣ አቤቱታን ተቀብሎ ወደ ሽምግልና የሚመራ አንድ የታወቀ ሰው ይመደብ፤ ሰው ችግሩን ይዞ የሚሄድበት በር ፖሊስ ጣቢያው ብቻ እንዳይሆን።